ፎሮዳኒ፦ ጾመኛም ልጅም አብሮ የሚበላበት የዛንዚባር የማታ ገበያ

«ቢላ ያይ፣ ቢላ ኛማ።» ዛንዚባር ሄጄ ከተማርኳቸው የስዋሂሊ ቃላት ሁሉ የጠቀመኝ ይሄ ነው። ያለ እንቁላል፣ ያለ ሥጋ ማለት ነው። ልጄ መጀመሪያ ሲሰማው ደነገጠ። «ቢላ ለምን ይጠራሉ?» አለኝ። የእህቴ ልጅ ናት ያስረዳችው። ስምንት ዓመቷ ነው፣ ደሴቷ ላይ ነው ያደገችው፣ ስዋሂሊ እንደ ውሃ ነው የምትናገረው። «እዚህ ቢላ አይቆርጥም» አለችው።

ቃሉን የፈለግነው ለእማዬ ነው። የሄድነው በፍልሰታ ነበር። እማዬ በፍልሰታ ዓሣም አትቀምስም። የባሕር ደሴት ላይ ዓሣ የማይበላ ሰው ምን ይበላል የሚለው ጭንቀት ከአዲስ አበባ ጀምሮ አብሮኝ በረረ። በቀጥታ በረራ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ሦስቱንም ሰዓት ሻንጣዬ ውስጥ ስላለው ሽሮና በሶ ሳስብ ነበር።

እህቴ ዛንዚባር ከገባች ስድስት ዓመት ሆናት። ሆቴል ውስጥ ሒሳብ ሠራተኛ ናት። እማዬ በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ስትደውልላት የመጀመሪያው ጥያቄዋ አንድ ነው፤ «ምን በላሽ?» እህቴም ብዙ ጊዜ የምትመልሰው «ፎሮዳኒ በላሁ» እያለች ነው። እማዬ ፎሮዳኒ የሆነች ጎረቤት ስም ይመስላት ነበር። እንደደረስን ሻንጣ እንኳ ሳትፈታ «እስቲ ያንን የምትበይበትን ቦታ አሳዪኝ» አለች። ስለዚህ ይሄ ግምገማ ስለ አንድ ሬስቶራንት አይደለም። ስለ አንድ የማታ ገበያ ነው። በአምስት ቀን ውስጥ አራት ምሽት እራታችንን የበላነው እዚያ ነው።

ቦታው ስቶን ታውን በሚባለው የዛንዚባር አሮጌ ከተማ ውስጥ፣ ባሕሩ አፋፍ ላይ ነው። ቀን ቀን ተራ የመናፈሻ ቦታ ነው። ዛፍ፣ አግዳሚ ወንበር፣ የሚሯሯጡ ልጆች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሻጮቹ ጠረጴዛቸውን ይዘው ይመጣሉ። ከሰሉ ይቀጣጠላል፣ አምፖሉ ይበራል። ስቶን ታውን ፊቱን ወደ ምዕራብ ስለሰጠ ፀሐይዋ የምትጠልቀው ፊት ለፊት፣ ባሕሩ ላይ ነው። በዚያው ሰዓት የሰፈሩ ወጣቶች ከግንቡ ጫፍ ተንደርድረው ውሃው ውስጥ ይዘላሉ። አንዱ ተገልብጦ ይዘላል፣ ሌላው ጓደኛውን ይዞ ይዘላል። ልጄ ዓይኑን መንቀል አቃተው። እማዬ በእያንዳንዱ ዝላይ «በስመአብ» ትላለች፣ ልጁ ከውሃው ብቅ እስኪል ትንፋሿን ይዛ ትጠብቃለች።

መድረስ ያለባችሁ 12 ሰዓት ላይ ነው። እዚህ ላይ እማዬን በጣም ያስደሰታትን ነገር ልንገራችሁ። ሰዓታቸው እንደኛ ነው! ስዋሂሊ ተናጋሪም ሰዓት የሚቆጥረው ከንጋትና ከምሽት ተነስቶ ነው። «ሳ ሞጃ» ቢሏችሁ አንድ ሰዓት ነው፤ ማታ ከሆነ የኛው ከምሽቱ አንድ ሰዓት። የሰዓት ቀጠናውም አንድ ስለሆነ የእጅ ሰዓት ማስተካከል አያስፈልግም። እማዬ «እንግዲያው ዘመድ ናቸው» አለች። ከዚያ በኋላ አገሩን አልፈራችውም።

የመጀመሪያው ምሽት ግን አልሆነልንም። እህቴ ከሥራ ስለዘገየች ብቻችንን ገባን። አንድ ሻጭ ተቀበለን፣ ሳህን ይዞ ከፊታችን ከፊታችን ሄደ። ጠረጴዛው ላይ ዓሣው፣ ሽሪምፑ፣ ኦክቶፐሱ በስንጥር ተሰክቶ ተደርድሯል። ለዓይን ያምራል። ልጄ ይሄንን አለ፣ እኔ ያንን አልኩ። ዋጋ ሳንጠይቅ። ሳህኑ ከከሰሉ ሲመለስ ዓሣው ደርቋል፣ ሽሪምፑ እንደ ጎማ ይጎተታል፣ አንዱ ቁራጭ ደግሞ መሃሉ ቀዝቃዛ ነው። ሒሳቡ 90,000 የታንዛኒያ ሺሊንግ መጣ። እማዬ ከሳህኑ ምንም አልነካችም፤ ያገኘችው የሸንኮራ ጭማቂ ብቻ ነው። እህቴ ስትደርስ ከፍለን ጨርሰናል። እንግዳዋ ሆኖ የመጣ ቤተሰቧ በመጀመሪያው ምሽት እንዲህ በመሆኑ ዓይኗ እንባ አቀረረ። እኔም ለእሷ ስል አዘንኩ።

ያየሁትን ልንገራችሁ። በስንጥር የተደረደረው ብዙው ቀደም ብሎ የበሰለ ነው። እናንተ ስትመርጡ እንደገና ይሞቃል። ባሕር ዳርቻ ሙቀት ላይ ስንት ሰዓት እንደቆየ ደግሞ በዓይን አይታወቅም። ስለዚህ እኔ የምመክረው አንድ ነገር ነው፤ ፊታችሁ ላይ የሚሠራውን ብቻ ብሉ። ዋጋውንም ከመንካታችሁ በፊት ጠይቁ። ጥሬ ገንዘብ በእጃችሁ ያዙ፣ ያውም ዝርዝር ሺሊንግ።

በማግስቱ እህቴ መራችን። አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ ኡሮጆ።

ኡሮጆ ሾርባ ነው ቢባል አይገልጸውም። መሠረቱ እርድ የገባበት፣ በዱቄት የወፈረ፣ በማንጎና በሎሚ የጎመዘዘ ቢጫ መረቅ ነው። ሻጩ ጎድጓዳ ሳህን ያነሳል፣ የተቀቀለ ድንች ይቆራርጥበታል። ካቾሪ የሚሉትን ክብ የድንች ጥብስ ይጨምራል። ባጂያ የሚሉትን የጥራጥሬ ጥብስ ይጨምራል። ከዚያ ትኩሱን መረቅ ያፈስበታል። ከላይ ተፍቆ የተጠበሰ ካሳቫ ይበትንበታል፣ የኮኮናት ማባያ ጠብ ያደርጋል፣ ሚጥሚጣ የሚያስንቅ ፒሊፒሊ ያስከትላል። ለሚፈልግ የተቀቀለ እንቁላልና ሚሽካኪ የሚሉት የተጠበሰ ሥጋ ይገባበታል። ይሄ ሁሉ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። እጁ ሲሠራ ማየት ራሱ ደስ ይላል።

እህቴ «ቢላ ያይ፣ ቢላ ኛማ» አለችው። የእማዬ ሳህን ያለ እንቁላልና ያለ ሥጋ መጣ። እማዬ አማተበች፣ ቀመሰች፣ ዝም አለች። ሁላችንም አፍ አፏን እናያለን። ሁለተኛ ማንኪያ አነሳች። «አልጫ ሽሮ ነው፤ ሎሚ ጨምቀውበት» አለች። ከዚያ ልጇን ዞር ብላ አየቻት፤ «ይሄን ነው የምትበይው? እንዲህማ ከሆነ ደህና ነሽ።» ስድስት ዓመት ሙሉ በስልክ ስትጠይቅ የኖረችው መልስ ያ ሳህን ውስጥ ነበር። እህቴ ምንም አልመለሰችም። የእማዬን ነጠላ ጫፍ ይዛ አጠገቧ ግንቡ ላይ ተቀመጠች።

ጣዕሙን ለመግለጽ ያህል፦ መጀመሪያ ጎምዛዛው ይመጣል፣ ከዚያ የካሳቫው መንኮሻኮሽ፣ በመጨረሻ ፒሊፒሊው። ድንቹ መረቁን መጥጦ ይለሰልሳል። ኮኮናቱ ቃጠሎውን ያበርደዋል። አንዱ ሳህን እኛን 4,000 ሺሊንግ አስከፈለን። ለአንድ ሰው እራት ይሆናል። ጾም በጥብቅ የምትይዙ ከሆነ ግን ባጂያው የተጠበሰበትን ዘይት ጠይቁ፤ ሥጋ የነካ እንዳይሆን። የኛ ሰውዬ ሳይሰለች መጥበሻውን አሳየን።

የእህቴ ልጅ የዚያን ምሽት ውሳኔ አሳለፈች። «እኔም ከአያቴ ጋር እጾማለሁ» አለች። ፍልሰታ እንደሆነ የልጆችም ጾም ነው፤ አዲስ አበባ ቢሆን እኩዮቿ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር አይጠፉም ነበር። እዚህ ግን ከማን ጋር ትጹም? አያቷ እስክትመጣ ጠበቀች። ሦስቱንም ምሽት የእማዬን ዓይነት ሳህን አዘዘች፣ ስዋሂሊውን እሷው እየተናገረች።

ልጄ አልጾመም። እሱ የያዘው ዛንዚባር ፒዛን ነው። ስሙ ፒዛ ይሁን እንጂ ለኛ ሰው ፋቲራ ብለው ቶሎ ይገባዋል። ሻጩ ትንሽ ሊጥ አንስቶ እንደ ነጠላ እስኪሳሳ ይዘረጋል። የተፈጨ ሥጋ፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ እንቁላል ያፈስበታል፣ አራት ማዕዘን አድርጎ ያጥፈዋል፣ ምጣዱ ላይ ይጠብሰዋል። ሙዝና ቸኮሌት የሚገባበትም አለ። የሥጋው ጥሩ ነው፣ በተለይ ዳር ዳሩ። የሙዙ ለእኔ ጣፋጭነቱ በዛብኝ፤ ልጄ ግን ሁለት በላ።

ኦክቶፐስ መብላት ካሰባችሁ ሻጩ ጥሬውን ፊታችሁ ቆርጦ ሲጠብሰው ብቻ ብሉ። ሦስተኛው ምሽት ላይ እንዲህ አድርገን አገኘነው፣ ለስላሳ ነበር። ከዚያ በፊት ጃምቢያኒ የምትባል የምሥራቅ ዳርቻ መንደር ሄደን ነበር። እዚያ ባሕሩ ሲሸሽ በጣም ነው የሚሸሸው፤ ሜዳ ይሆናል። ሴቶች ዱላ ይዘው ውሃው የለቀቀው ድንጋይ ውስጥ ኦክቶፐስ ይፈልጋሉ። ማዕበሉ ሳይመለስ ነው የሚሠሩት። እማዬ «እንጨት ለቀማ እንደመሄድ ነው፣ ግን ባሕር የሚያባርርሽ» አለች። ሳህኔ ላይ ያለው እንዴት እንደተገኘ ካየሁ በኋላ አንዲት ቁራጭ መተው አልቻልኩም።

የሸንኮራው ጭማቂ ለብቻው ምስጋና ይገባዋል። ሸንኮራው መጭመቂያው ውስጥ ታጥፎ ታጥፎ ይገባል፣ መሃሉ ላይ ዝንጅብልና ሎሚ ተሸጉጧል። የሚወጣው ጣፋጭ ነው፣ ግን ጉሮሮ ያቃጥላል። ለጾመኛ ደግሞ ጉልበት ይሆናል። በረዶ አታስጨምሩበት፤ እኛ ያለ በረዶ ጠጥተን ማንም አልታመመም።

ስለ አቀማመጡ ብዙ አልልም። ወንበርና ጠረጴዛ ተይዞ የሚጠበቅበት ቦታ አይደለም። ግንቡ ላይ ወይም አግዳሚው ላይ ትቀመጣላችሁ፣ ሳህኑ ጭናችሁ ላይ ነው። ጉልበቷን ለሚያማት እናት ይከብዳል፤ እኛ ከቤት ትራስ ይዘን ሄድን። እጅ መታጠቢያ ውሃም ያዙ። ድመቶች እግራችሁ ሥር ይመጣሉ፤ ለልጆች ደስታ ነው። ዛንዚባር ሙስሊም የሚበዛበት አገር ስለሆነ ትከሻና ጉልበት መሸፈን ደግ ነው። የእማዬ ነጠላ እዚያ እንግዳ አልሆነም። እንዲያውም አንዳንድ ሴቶች ጥለቱን እየነኩ ጠየቋት።

ከኋላችን አሮጌው ምሽግ አለ፣ ከጎኑ ደግሞ «የድንቆች ቤት» የሚሉት ሱልጣን ባርጋሽ በ1883 እ.ኤ.አ. ያሠራው ትልቅ ሕንፃ። በታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. ከፊሉ ተደርምሷል። እማዬ ስታየው ከንፈሯን መጠጠች፤ «ቤት ሲወድቅ ማየት ደስ አይልም» ብላ ጀርባዋን ሰጠችው። እኔም ከፎቶ ይልቅ ሳህኔን መረጥኩ።

ስለ ሻጮቹ ግን መናገር አለብኝ፤ የመጀመሪያውን ምሽት ያህል ይሄንንም እንድታውቁ እፈልጋለሁ። የኡሮጆው ሰው ወጣት ነው። እማዬን ሲያይ ጎንበስ ብሎ «ሺካሞ፣ ማማ» አላት። ትልቅ ሰው የሚሰላምበት ቃል ነው። ትርጉሙ እግርዎን ይዣለሁ እንደማለት ነው አለችን እህቴ። ጉልበት መሳም ማለት ነው እኮ! መልሱ «ማራሃባ» ነው። እማዬ ግን ማራሃባን አልጠበቀችም። «እደግ፣ ተመንደግ» አለችው። ልጁ አማርኛ አያውቅም፣ ግን ገባው። እጁን ደረቱ ላይ አደረገ፣ ከካሳቫው እፍኝ ጨመረላት።

እራት ከበላን በኋላ ሻይ እንጠጣለን። ቀረፋ፣ ሄልና ቅርንፉድ የገባበት ነው። ቅርንፉዱ የዚህ ደሴትና የጎረቤቷ የፔምባ ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ዓለም ቅርንፉድ የሚያገኘው በአብዛኛው ከእነዚህ ደሴቶች ነበር። እማዬ ስኒዋን አሸተተች፤ «የቤታችን ሻይ ነው፣ ግን ቅርንፉዱ አልሞተም» አለች። ትኩስ መሆኑን ነው። ስንመለስ ግማሽ ኪሎ ይዛለች።

ቤተሰብ ጥየቃ የምትሄዱ ከሆነ፣ በተለይ አብሯችሁ ጾመኛም ሕፃንም ካለ፣ ከሆቴል ቡፌ ይልቅ እዚህ ውሰዷቸው። በስንጥር የተደረደረውን እለፉት። ኡሮጆውን አትለፉት።

አራተኛው ምሽት የመጨረሻችን ነበር። ነፋሱ በርትቶ የከሰሉን ጭስ ወደኛ ያመጣዋል። እማዬ ከግንቡ ላይ ተነሳች፣ ማንንም አልላከችም። ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ኡሮጆው ሰው ሄደች። ሁለት ጣቷን አሳየችው፤ አንዱ ለእሷ፣ አንዱ ለልጅ ልጇ። «ቢላ ያይ» አለች፣ ትንሽ አሰበችና «ቢላ ኛማ» ጨመረች። ሰውዬው ቀድሞ ድንቹን መቁረጥ ጀምሯል። ፒሊፒሊውን ሊጨምር ሲል እጁን ያዘችው፤ ማንኪያውን ተቀብላ ራሷ ጨመረች።