ለጅማው መካኒክ፦ የአባቴን ኤምጂ ስላዳኑልኝ

ይህን የምጽፈው ጅማ የሚገኙ አንድ መካኒክን በሰው ፊት ለማመስገን፣ አሮጌ መኪና ይዛችሁ ለምትንከራተቱም ለመጠቆም ነው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለለመኑኝ «አባባ» እያልኩ እቀጥላለሁ፤ እዚያም የምጠራቸው እንዲሁ ነበር።

መኪናዋ የአባቴ ናት። እ.ኤ.አ. በ1964 እንግሊዝ አገር አቢንግደን የተሠራች፣ ጣሪያዋ የሚገለጥ፣ ሁለት ሰው የምትይዝ ኤምጂቢ። ሞተሩ 1,798 ሲሲ ነው፣ ሁለት ኤስዩ የሚባሉ ካርቡራተሮች (ቤንዚንን ከአየር የሚቀላቅሉ ዕቃዎች) አሉት። አባቴ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው። እናቱ ጅማ ስለተወለደች «አንድ ቀን በዚችው መኪና እንሄዳለን» ይለኝ ነበር፤ ሳይሆንለት ቀረ። ዘንድሮ በጥቅምት፣ ዝናቡ አባርቶ መንገዱ ሲደርቅ፣ ታናሽ ወንድሜን ከጎኔ አስቀምጬ ከአዲስ አበባ ተነሳሁ።

ከመነሳታችን በፊት ያሳየሁት አንድ ጋራዥ ነበር። ስሙን አልጠራም። «እነዚህን ካርቡራተሮች አውጥተሽ የቶዮታ ካላስገጠምሽ የትም አትደርስም» ብሎኛል፣ ምንም ከፍቶ ሳያይ። እኔ ግን የአባቴን መኪና ሌላ መኪና ማድረግ አልፈለግኩም።

መንገዱን ላልሄደበት ሰው ትንሽ ልንገር። ወሊሶንና ወልቂጤን እስክታልፉ የሚያስጨንቅ ነገር የለውም፣ ግራ ቀኙ የጤፍ እርሻ ነው። ወልቂጤ 1,900 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ናት። ከዚያ በኋላ አስፋልቱ እየተጠማዘዘ ወደ ጊቤ በረሃ ይወርድና ድልድዩ ጋ ስትደርሱ ከፍታው 1,100 ሜትር ገደማ ብቻ ይሆናል። ጣሪያውን ገልጠን ስለነበር ሙቀቱ ከታች ተነስቶ ፊታችንን ሲመታን ይሰማን ነበር። ሦስተኛ ማርሽ ላይ አድርጌ ሞተሩ ራሱ እንዲይዛት ተውኩት፤ ፍሬኑን የነካሁት ኩርባው ሲጠብ ብቻ ነው። የዚህች መኪና መሪ እንደ ዛሬዎቹ አይደለም፣ የአስፋልቱን እያንዳንዱን ጠባሳ በመዳፋችሁ ታነቡታላችሁ። ከታች ወንዙ ይታያል፤ ወደ ደቡብ ሲወርድ ኦሞ የሚባለው ይኸው ጊቤ ነው። ወንድሜ እስከ ድልድዩ ድረስ አንድ ቃል አልተናገረም። አባቴ ይህን ሳያይ መቅረቱ አንጀቴን በላው።

ከድልድዩ ማዶ ዳገቱ ይጀምራል። የዚህች ኤምጂ አንደኛ ማርሽ ሲንክሮ (ማርሹ ሳይንገጫገጭ እንዲገባ የሚያደርገው ክፍል) የለውም፤ ከከባድ መኪና ኋላ ተይዛችሁ ወደ አንደኛ መመለስ ካለባችሁ ፍሪሲዮኑን ሁለቴ ረግጣችሁ በመሃል ነዳጅ መስጠት አለባችሁ። ይህን ያስተማረኝ አባቴ ነው። ዳገቱን አጋምሰን ሳለ ሞተሩ መንተባተብ ጀመረ፣ ከዚያ ጠፋ። የቤንዚን ፓምፗ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሲሆን ያለው ከኋላ በኩል ነው፤ ቁልፍ ሲከፈት ቲክ ቲክ ቲክ ይላል፣ ካርቡራተሮቹ ሲሞሉ ዝም ይላል። አሁን ጭራሽ ድምፅ የለም። አባቴ ያደርግ እንደነበረው ወንድሜ ከሥር ገብቶ በካቻቢቴ እጀታ መታ መታ ሲያደርገው ተነሳ። እንዲህ እየቆምን፣ እየመታን ሰኮሩንና አሰንዳቦን አለፍን። ሰርቦ ስንደርስ ግን ድርግም አለች። እኔም በድንጋጤ ቁልፍ ደጋግሜ እየሰጠሁ ባትሪውን ጨረስኩት።

ሰው ተሰበሰበ። አንድ ደግ ሹፌር መኪናውን አስጠግቶ የባትሪ ገመድ አወጣ። ከመቀመጫው ኋላ ያለውን ክዳን ከፈትንለት፤ ቀዩን ከባትሪያችን ፖዘቲቭ ጋር አሰረ፣ ጥቁሩን እንደተለመደው ከቦዲው ጋር ሊነክሰው ሲል «ቆይ! እንዳትነካው!» የሚል ድምፅ ሰማን። ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ከባጃጅ እየወረዱ ነበር። ከለቅሶ ወደ ጅማ ሲመለሱ ነው ያገኙን።

ጎንበስ ብለው ከባትሪው የሚወጣውን ወፍራም ገመድ በጣታቸው ተከተሉት። «ልጄ፣ የዚች ማሳ ፖዘቲቭ ነው» አሉኝ። የዚያ ዘመን ብዙ የእንግሊዝ መኪኖች እ.ኤ.አ. እስከ 1967 ግድም ድረስ ከቦዲው ጋር የሚታሰረው ፖዘቲቩ ነበር፣ የዛሬዎቹ ኔጌቲቩ ነው። ጥቁሩ ቦዲውን ነክቶ ቢሆን ኖሮ የሹፌሩ ባትሪ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ በእኛ ቦዲ በኩል በቀጥታ ይገናኙ ነበር፤ ገመዱ ይቀልጣል፣ ባትሪውም ሊፈነዳ ይችላል። ደግሞ የእኛ ባትሪዎች ሁለት ናቸው፣ እያንዳንዳቸው 6 ቮልት ሆነው አንዱ ከሌላው ጋር በተከታታይ ተያይዘዋል። አባባ የመጨረሻዎቹን ሁለት ጫፎች ለይተው፣ መኪኖቹ እንዳይነካኩ አራርቀው ራሳቸው አሰሩት። ፓምፑንም መታ አድርገው አስነሱልንና ባጃጃቸውን እየተከተልን ጅማ ገባን። የት እንደተማሩ ስጠይቃቸው «በወጣትነቴ ላንድሮቨር ስጠግን» አሉኝ። ላንድሮቨሮቹም ያኔ እንደዚሁ ነበሩና።

ጋራዣቸው ትንሽ ግቢ ናት፣ አንድ የማንጎ ዛፍ ሥር። ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማቸውን ሞተሩ አጠገብ አድርገው ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዳመጡ። ከዚያ «ኤምጂ ሠርቼ አላውቅም፤ ላንድሮቨር ግን አውቃለሁ። የማላውቀውን ስደርስበት እነግርሻለሁ፣ ፈቃድሽ ከሆነ ልጀምር» አሉኝ። በሕይወቴ ብዙ ጋራዥ ቆሜያለሁ፣ እንዲህ ያለኝ መካኒክ ግን አልነበረም። እምነቴን የጣልኩባቸው በዚህች ንግግር ነው።

ፓምፑን አውርደው ሲከፍቱት ኤሌክትሪኩን የሚያገናኘውና የሚያቋርጠው ፑንቲና ተቃጥሎ ጎድጉዷል። በስስ የብርጭቆ ወረቀት አሹ፣ ክፍተቱን አስተካከሉ፣ ከመግጠማቸው በፊት ቤንዚን ከአንድ ማሰሮ ወደ ሌላው እያስቀዱ ሞከሩት። ካንዴላዎቹን አውጥተው አሳዩኝ፤ አራቱም ጥላሸት ለብሰዋል። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፣ ካርቡራተሩ ግን ቤንዚኑን አይቀንስም፤ ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ሳትቃጠል የምትወጣው ቤንዚን ትበዛለች። «ካንዴላ ደህና ሲሆን ቀለሙ ቆሎ ሊሆን የተቃረበ ቡና ነው የሚመስለው» አሉኝ። የጅማ ሰው ቀለምን በምን ሊመዝን ኖሯል!

በሁለተኛው ቀን የሆነውን ግን አልረሳም። አንደኛው ካርቡራተር ላይኛው ጉድጓድ ውስጥ መኖር ያለበት ቀጭን ዘይት ደርቆ አገኙት፤ ዘይቱ ነዳጅ በድንገት ሲረገጥ በካርቡራተሩ ውስጥ ያለው ፒስተን ፈጥኖ እንዳይዘል የሚይዝ ነው። ሞሉት። ከሥር ያለውን ፍሬ በጥቂቱ እያዞሩ፣ ፒስተኑን ለቅጽበት ከፍ እያደረጉ ያዳምጣሉ፦ ሞተሩ ከፈጠነ ቤንዚኑ በዝቷል፣ ሊጠፋ ከቃጣ አንሷል። በመጨረሻ አንድ ቁራጭ የጎማ ቱቦ አምጥተው አንዱን ጫፍ ካርቡራተሩ አፍ ላይ፣ ሌላውን ጆሮዬ ላይ አደረጉልኝ። «ሁለቱ እኩል መተንፈስ አለባቸው፣ አንቺው ስሚያቸው» አሉኝ። የግራው ያፏጫል፣ የቀኙ ያንሾካሹካል። እሳቸው በካቻቢቴ ሲያስተካክሉ ሁለቱ ድምፆች ቀስ በቀስ አንድ ሆኑ። አለቀስኩ። አባባ ፊታቸውን ወደ ማንጎው አዙረው ጠበቁኝ።

ሊፈትኗት ከጎኔ ተቀምጠው ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደውን ዳገት ወጣን። ከላይ ሆኖ ከተማው ሁሉ አረንጓዴ ውስጥ ተኝቶ ይታያል። ሁለት ቀን ተኩል ሠርተው የጠየቁኝ 4,500 ብር ነው። ጨምሬ ብሰጥ ትርፉን መለሱልኝ፤ የተረፈውን ዘይትና የለወጧትን ሽቦ ሳይቀር በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ።

ለምትፈልጓቸው፦ ቢትል፣ የድሮ ላንድሮቨር፣ ፊያት፣ በአጠቃላይ ካርቡራተር ያለው መኪና ካላችሁ ከጅማ ሌላ አትፈልጉ። ኮምፒውተር ላለው መኪና «እኔ አልሆናችሁም» ብለው ወደ ሌላ ይመሯችኋል። አይቸኩሉም፤ የቸኮለ ሰው ባይሄድ ይሻላል። ዓርብ ለጁምዓ ስለሚዘጉ ቀጠሮ አትያዙ። ስልካቸውን ፈቅደውልኛል፣ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እሰጣለሁ። ሰርቦ ላይ ገመዱን ያወጣኸው ወንድሜም፣ ይህን ካነበብክ እግዚአብሔር ይስጥህ፣ ልብህ ቀና ነበር።

ሰኞ ማለዳ ስንነሳ ቁልፉን ከፈትኩ፤ ከኋላ ቲክ ቲክ ቲክ ብሎ ዝም አለ። ጊቤን ተሻግረን የወልቂጤን ዳገት አንድም ጊዜ ሳንቆም ወጣነው። ወልቂጤ ላይ ደወልኩላቸው። ከሰላምታ በፊት «ካንዴላውን ፈተሽ አየሽ?» አሉኝ። ወንድሜ አንዱን ፈትቶ በጨርቅ ይዞ ፀሐይ ላይ አሳየኝ።

«ቡና ነው አባባ» አልኳቸው።