የድሮ የጦር መኪና ለማደስ፦ ዋዝ ወይስ የአሜሪካ ጂፕ?

ጎጃም ተቀምጦ አሮጌ የጦር መኪና ገዝቶ ማደስ ላማረው ሰው፣ ቁም ነገር ያለው ምርጫ ሁለት ነው። አንዱ ከ1945ቱ የመከላከያ ስምምነት በኋላ፣ በአሜሪካ እርዳታ ዘመን የምናውቀው ጂፕ ነው። ሌላው ደርግ በ1969 ዓ.ም. ከአሜሪካ ተቆራርጦ ወደ ሶቭየት ሲዞር የመጣው ዋዝ ነው። የኔን ፍርድ ላስቀድም፦ ልትነዱት ከሆነ ዋዝ፣ ብርቅነቱን ፈልጋችሁ ከሆነ ጂፕ።

ጂፕ ሲባል ግን ሁሉም አንድ አይደለም። ፓራፋንጎው ጠፍጣፋ፣ ኤሌክትሪኩ ባለ 6 ቮልት ከሆነ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ዊሊስ ኤም ቢ ነው። ፓራፋንጎው ክብ፣ ኤሌክትሪኩ 24 ቮልት ከሆነ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ የተሠራው ኤም 38 ኤ 1 ነው። «ጃንሆይ በኦሜድላ ሲገቡ አብሮ የመጣ ጂፕ» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ዋጋ አትጨምሩለት። ያ ጣሊያንን የማስወጣት ዘመቻ ጎጃም ላይ ስንቅና ጥይቱን ያጓጓዘው በዋናነት በግመል ነው። ዊሊስ ኤም ቢም ከፋብሪካ በብዛት መውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1941 መጨረሻ፣ ጃንሆይ አዲስ አበባ ከገቡ ከወራት በኋላ ነው።

ወደ ሞተሩ እንግባ። ኤም 38 ኤ 1 ባለ 2.2 ሊትር ሆኖ 70 ፈረስ አካባቢ ጉልበት አለው። ዋዝ 469 ባለ 2.4 ሊትር፣ 75 ፈረስ ነው። ይህ ግን ባሕር ወለል ላይ ነው። ካርቡራተር ያለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከፍታ አንድ በመቶ ያህል ስለሚያጣ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ሁለቱም ሩብ ያህሉን ጉልበት ጥለው ነው የሚሄዱት። እዚህ ላይ ጂፑ ይበልጣል፤ ከዋዝ 400 ኪሎ ያህል ይቀላል። ካምቢዮው ባለ 3 ማርሽ መሆኑ ግን ይጎዳዋል፤ ዋዝ 4 አለው። ከአባይ ሸለቆ ወደ ደጀን ስትወጡ ሁለቱም አንድ በሽታ አለባቸው፦ ከሙቀቱ የተነሳ ቤንዚኑ ቱቦ ውስጥ ተኖ ሞተሩ ይጠፋል። መድኃኒቱ ጥግ ይዞ መቆም፣ የነዳጅ ፓምፑ ላይ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጎ መጠበቅ ነው።

እድሳቱ ላይ ልዩነቱ ይሰፋል። የዋዝ ሲሊንደሮች ከብሎኩ ተነቅለው በአዲስ የሚተኩ ናቸው፤ ሞተር ሲታደስ ፒስተን፣ ፋሻ የሚባለው የፒስተን ቀለበትና ሲሊንደር አንድ ላይ ይቀየራል። የጂፑ ብሎክ ግን ወጥ ብረት ነው። ሲሊንደሩ ካለቀ በማሽን አስፍቶ በልኩ ትልቅ ፒስተን መፈለግ ግድ ነው፤ ፒስተኑም የሚገኘው ከውጭ ነው። ቶርኖ ቤት የማይሠራው ነገር የለም ይባላል፤ ፒስተን ላይ ግን አልመክርም።

የኤም 38 ኤ 1 ዋና ፈተና 24 ቮልቱ ነው። ሁለት ባትሪ ከመስታወቱ ፊት ባለው ሣጥን ይቀመጣል፤ መጀመሪያ የዚያን ሣጥን ወለል በእጃችሁ ዳስሱት፣ አሲድ በልቶት ይሆናል። አምፖል ችግር የለውም፣ ባለ 24 ቮልት የጭነት መኪና በየከተማው ሞልቷል። ችግሩ ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር ነው፦ ውኃ እንዳይገባው ተደፍኖ፣ እሳቱን የሚያመነጨው ቦቢና ሳይቀር ውስጡ የተቀመጠ ነው። እሱ ከተቃጠለ አቻ አታገኙለትም። ወደ 12 ቮልት የሚቀይሩ አሉ፤ መኪናው ይነሳል፣ ለብርቅነቱ የከፈላችሁት ገንዘብ ግን ይወድቃል።

ዋዝ ስትገዙ ከሥሩ ተንበርከኩ። እውነተኛው የጦር ዋዝ የጎማው መካከል ላይ ማርሽ ቤት ስላለው፣ አክሱ ከጎማው መካከል ከፍ ብሎ ነው የሚታየው፤ ከመሬት 30 ሴንቲ ሜትር ይነሳል። የሲቪሉ፣ 469 ቢ የሚባለው፣ 22 ብቻ ነው። ክረምት ዋልካ ላይ ይህ 8 ሴንቲ ሜትር ማለት መውጣትና መቀርቀር ነው። ሲቪሉን አረንጓዴ ቀብቶ በጦር ዋጋ የሚሸጥ አለ። የማርሽ ቤቶቹን የዘይት መፍሰስም እዩ፤ ዘይቱ ካለቀ ሲነዳ ያጉረመርማል፣ ማስጠገኑም ውድ ነው። ነዳጅ ላይ አታባብሉ ራሳችሁን፤ ዋዝ ለ100 ኪሎ ሜትር 16 ሊትር ያህል ይጠጣል፣ ዳገት ላይ ደግሞ ከዚያ በላይ።

ከዋዝ በፊት የነበረችውን የሶቭየት መኪና፣ ጋዝ 69ን ብታገኙስ? ቆንጆ ናት፤ 55 ፈረስና 3 ማርሽ ግን ለደጋ ዳሞት ዳገት አይበቃም። ለሰልፍና ለሠርግ ከሆነ ውሰዷት።

ከየትኛውም በፊት ሊብሬውን ከሻንሲና ከሞተር ቁጥሩ ጋር አመሳክሩ። ኮፈኑን ስትከፍቱ የቶዮታ ሞተር ካያችሁ ቅሬታ አይግባችሁ፣ ዋጋውን ግን አስቀንሱ፤ ከሊብሬው ጋር ካልገጠመ ደግሞ ጥላችሁ ሂዱ። ቀለሙን በተመለከተ፣ ወታደራዊውን አረንጓዴ ከመቀባታችሁ በፊት ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። በዚህ ጊዜ ኬላ ላይ የጦር መኪና የሚመስል ነገር ይዞ መድረስ ለማንም አይጠቅምም፤ ክሬም ወይም ግራጫ ቀብታችሁ ዋናውን ቀለም ከወንበሩ ሥር ባለው ላሜራ ላይ እንዳለ ተዉት።