መዝገብ ለመቀየርና ለማዛወር፦ አክሰስ፣ ቤዝ ወይስ ዲቢ ብራውዘር?

የዳታቤዝ ሶፍትዌር ሲመረጥ ብዙ ሰው የሚያየው ፎርሙንና ሪፖርቱን ነው። እኔ አስቀድሜ የማየው ሌላ ነገር ነው። በሺህ የሚቆጠሩ መዝገቦችን በአንድ ኩዌሪ (ለዳታቤዙ በሚሰጥ ጥያቄ ወይም ትዕዛዝ) ቀይሬ ወይም ሰርዤ ብሳሳት፣ መመለሻ አለኝ ወይ? ዋናው ልዩነት ያለው እዚህ ላይ ነው።

ኤስኪውኤል (የዳታቤዝ ትዕዛዝ መጻፊያ ቋንቋ) መጻፍ ለማይፈልግ ሰው ማይክሮሶፍት አክሰስን የሚያህል የለም። አፕዴት ኩዌሪ ያለውን መዝገብ ይቀይራል፣ አፔንድ ወደ ሌላ ቴብል (ሰንጠረዥ) ይጨምራል፣ ዲሊት ይሰርዛል፣ ሜክ ቴብል ደግሞ ከውጤቱ አዲስ ቴብል ይሠራል። አራቱንም በማውስ መሥራት ይቻላል።

ከ2015 በፊት የተዘጉ ትዕዛዞችን ወደ ማኅደር ቴብል ማዛወር ፈለጉ እንበል። መጀመሪያ ተራ ሴሌክት ኩዌሪ፣ ማለትም መረጃ አውጥቶ የሚያሳይ ብቻ፣ ይሥሩ። የቀኑን መስፈርት ያስገቡና ውጤቱን ይዩ። ከታች የረድፉ ብዛት 1,240 ይላል እንበል። ኩዌሪውን ወደ አፔንድ ቀይረው ራን ሲሉት፣ አክሰስ ስንት ረድፍ ሊጨምር እንደሆነ ይነግርዎታል። ቁጥሩ 1,240 ካልሆነ እዚያው ያቁሙት። ከሆነ ይቀጥሉ፣ ማኅደሩን ከፍተው ያረጋግጡ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ በዚያው መስፈርት ዲሊት ያድርጉ። ማዛወር ማለት ገልብጦ መሰረዝ ስለሆነ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው።

ለማኅደር ሜክ ቴብልን አልመክርም። ፕራይመሪ ኪውን (እያንዳንዱን መዝገብ የሚለየውን ቁልፍ) እና ኢንዴክሱን (ፍለጋ የሚያፋጥነውን ማውጫ) ይዞ አይሄድም። የቴብሉን መዋቅር ብቻ ኮፒ አድርጎ በአፔንድ መሙላት ይሻላል።

የአክሰስ ትልቁ ድክመት ማረጋገጫውን አንዴ እሺ ካሉት መመለሻው (Undo) የማይሠራ መሆኑ ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ኩዌሪ በፊት የፋይሉን ኮፒ ማስቀመጥ ግድ ነው። ሌላው፣ የሚከፈልበት ነው፤ ዊንዶውስ ላይ ብቻ ይሠራል፤ ፋይሉም ከ2 ጊጋባይት አያልፍም። መዝገብ ስለሰረዙም ፋይሉ ወዲያው አይቀንስም፣ ኮምፓክት ማድረግ፣ ማለትም ባዶ የቀረውን ቦታ ማስወገድ፣ አለብዎት።

ሊብሬኦፊስ ቤዝ ነፃ ነው፤ በዊንዶውስም በማክም በሊነክስም ይሠራል። ለዚህ ሥራ ግን አልወደድኩትም። የኩዌሪ መሥሪያው መረጃ ለማውጣት ብቻ ነው። ለመቀየርና ለመሰረዝ ከቱልስ ሜኑ ኤስኪውኤል የሚለውን ከፍቶ ትዕዛዙን በጽሑፍ ማስገባት ያስፈልጋል። ስንት ረድፍ ሊነካ እንደሆነ አስቀድሞ የሚነግርዎት የለም። ትዕዛዝ መጻፍዎ ካልቀረ ደግሞ የተሻለ አማራጭ አለ።

እሱም ዲቢ ብራውዘር ፎር ኤስኪውላይት ነው፤ ኤስኪውላይት የሚባለውን፣ በአንድ ፋይል የሚቀመጥ ዳታቤዝ ይከፍታል። ይህም ነፃ ነው። ፎርምና ሪፖርት የለውም፣ ኤስኪውኤል መቻልም ይጠይቃል። ግን አፕዴቱን ወይም ዲሊቱን ካስኬዱ በኋላ፣ ለውጡን አስቀምጥ የሚለውን እስኪጫኑ ድረስ ፋይሉ ላይ አይጸናም። ስንት ረድፍ እንደተነካ ያያሉ፣ በሴሌክት ይፈትሻሉ፣ ካላማረዎት መልስ የሚለውን ይጫኑና ሁሉም እንደነበረ ይሆናል። ለእኔ ይህ አንድ ቁልፍ ብቻ ብዙ ፎርም ያስንቃል።

ፋይልሜከር የተባለው ሌላው የዳታቤዝ ሶፍትዌር የተለየ መንገድ ነው የሚከተለው። መዝገቦቹን ፈልገው ያወጡና የአንዱን መስክ ይዘት በጅምላ ይተካሉ። ቀላል ነው፤ ግን መመለሻ የለውም፣ የሚከፈልበትም ነው።

እንግዲህ ዊንዶውስ ካለዎት፣ ፎርምም ከፈለጉና ትዕዛዝ መጻፍ ካልፈለጉ፣ አክሰስ ይግዙ። ሥራዎ መረጃ ማጽዳትና ማዛወር ከሆነ ግን ገንዘብዎን አያውጡ፣ ዲቢ ብራውዘር ይበቃዎታል። ከአክሰስ ወደ እሱ ሲሻገሩ ቴብሎቹን በሲኤስቪ (በኮማ በተለየ ተራ የጽሑፍ ፋይል) አውጥተው ያስገቡ። ኤስኪውላይት ለቀን የተለየ የዳታ ዓይነት ስለሌለው፣ ከማስገባትዎ በፊት ቀኖቹን ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሚል ቅደም ተከተል ይጻፏቸው፤ እንደ 2015-01-31። አለዚያ «ከ2015 በፊት» የሚለው መስፈርት የተሳሳቱ መዝገቦችን ያነሳል።