ጣቢያ ቃል መስጠት ወይስ ጠበቃ መጠበቅ?

ባሕር ዳር ውስጥ ሰው ሲያዝ ቤተሰቡ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ «ተናገርና ውጣ» ይላል፣ ሌላው «ጠበቃ ሳይመጣ አፍህን እንዳትከፍት»። ሁለቱም መብት ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ላለመናገር መብት እንዳለው፣ የሚናገረውም ፍርድ ቤት ማስረጃ ሊሆንበት እንደሚችል በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው እንደሚገባ ይደነግጋል።

ፍጥነት፦ መናገር ይቀድማል። ለምሳሌ በስልክ ስርቆት ተጠርጥረህ፣ ስልኩ ጠፋ በተባለበት ሰዓት ዘጌ በሚሄድ ጀልባ ላይ ከነበርክ፣ ቶሎ ብትናገር ባለጀልባው ሳይረሳህ መርማሪው ያገኘዋል። ዝም ካልክ ግን ለማጣራት ጊዜ ይሄዳል፤ የተያዘ ሰው ፍርድ ቤት መቅረብ ያለበት በ48 ሰዓት ውስጥ ቢሆንም ይህ የጉዞውን ጊዜ አይጨምርም፣ ፖሊስም ለምርመራ ተጨማሪ ቀጠሮ ሊጠይቅ ይችላል።

አደጋ፦ እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። የፈራ ሰው ይገምታል። «ሁለት ሰዓት ይመስለኛል» ያለው፣ ወረቀት ላይ «ሁለት ሰዓት ላይ» ሆኖ ይጻፍና፣ ሳያነብ ፈርሞበት፣ በኋላ ሌላ ሰዓት ሲናገር ውሸታም ይባላል። ተገዶ የተሰጠ ቃል ማስረጃ አይሆንም፤ መገደድን ማስረዳት ግን በጣም ከባድ ነው።

ወጪ፦ መናገር ነጻ ነው፣ ጠበቃ ገንዘብ ይፈልጋል። አቅም ለሌለው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ አለ።

ጉዳዩ ቀላል ከሆነ፣ ምስክርህም ቅርብ ካለ መናገር ያዋጣል፤ አንብበህ ፈርም። ክሱ ከባድ ከሆነ፣ የተጠረጠራችሁት ብዙ ከሆናችሁ፣ ወይም ደንግጠህ ሰዓቱ ከተምታታብህ ጠበቃ ጠብቅ።