ለረጅም ዘመን አገልግሎት ምን ይሰጥ? በጅማ ገበያ የሚገኙ ስጦታዎች ሲገመገሙ

ጅማ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት ሃያና ሠላሳ ዓመት ያገለገለ ሠራተኛውን ለማመስገን ሲያስብ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ አንዱን ይገዛል፦ ፍሬም ውስጥ የገባ የምስክር ወረቀት፣ የመስታወት ዋንጫ፣ ጋቢ፣ የወርቅ ቀለበት ወይም በእጅ የተጠረበ የጅማ በርጩማ። አንደኛ የምናደርገው በርጩማውን ነው። ቤት ገብቶ ሥራ ላይ ይውላል፤ ቡና ሲፈላ ይቀመጡበታል፣ እንግዳ ሲመጣ ይቀርባል፣ ስሙ የተቀረጸበት ሰው ለልጁ ያወርሰዋል። ከዚያም በላይ የአገሩ ሥራ ነው። በጅማ ሙዚየም ከሚታዩት የዳግማዊ አባ ጅፋር መገልገያዎች መካከል የእንጨት ሥራዎች አሉ፤ ጅሬን ላይ ያለውን ቤተ መንግሥት ያየ ሰውም የዚህ አገር እጅ ለእንጨት ምን ያህል የሠለጠነ እንደነበር ይረዳል። ይሁን እንጂ በርጩማ በጥድፊያ የሚገዛ ዕቃ አይደለም። በመጨረሻው ሳምንት ተሯሩጠው የገዙት ስድስት ወር ሳይሞላው ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም ብዙ ጊዜ የሰውየውን ስም አቋርጦ ያልፋል።

የሚሰነጠቀው ለምን እንደሆነ ማወቅ ግማሹን ችግር ያስቀራል። ባለ ሦስት እግሩ በርጩማ ከአንድ ግንድ የሚወጣ ነው፤ መጋጠሚያ፣ ሚስማርና ሙጫ የለውም። እንጨት ሲደርቅ የሚኮማተረው በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም፤ በግንዱ ዙሪያ የሚኮማተረው ከመሃል ወደ ቅርፊቱ ከሚኮማተረው ይበልጣል። ስለዚህ የግንዱ እምብርት በመቀመጫው ውስጥ ከቀረ፣ ከእምብርቱ ወደ ጠርዝ የሚሄድ ስንጥቅ ይመጣል። ጠራቢው ወፈር ያለ ግንድ ለሁለት ሰንጥቆ፣ እምብርቱን ጥሎ ከአንዱ ጎን ቢያወጣው ይህ አደጋ በጣም ይቀንሳል። ሲያዙ መጠየቅ ያለበት የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ነው። በተሠራ ዕቃ ላይ ደግሞ መቀመጫውንና የእግሮቹን ጫፍ ማየት ይበቃል፤ ትናንሽ ክቦች አንድ ነጥብ ላይ ተሰብስበው ከታዩ እምብርቱ አልወጣም ማለት ነው።

ቀጥሎ መድረቁ ነው። በርጩማ የሚያህል ወፍራም እንጨት ሙሉውን ይድረቅ ቢባል ዓመታት ይፈጃል። ጥሩ ጠራቢዎች ስለዚህ ግንዱ እርጥብ ሳለ በመጥረቢያና በፋስ ቅርጹን በጥቅሉ ያወጡታል፤ ከመጨረሻው ውፍረት ሁለት ጣት ያህል ትርፍ ይተዉና ጥላ ውስጥ ያስቀምጡታል። እንጨት ውኃውን ቶሎ የሚያጣው በተቆረጠው ጫፍ በኩል ስለሆነ ጫፎቹ ሰም ይቀባሉ፣ ወይም ዕቃው በጆንያ ይሸፈናል። ፀሐይ ላይ ማስጣት ወይም እሳት አጠገብ ማስቀመጥ ግን ላዩን አድርቆ ውስጡን እርጥብ ስለሚተወው ያፈነዳዋል። መድረቁን ለማረጋገጥ ሚዛን ላይ ማውጣት ነው፤ ጅማ ላይ የቡና ሚዛን አይጠፋም። በየሳምንቱ ተመዝኖ፣ ለሁለት ተከታታይ ሳምንት ክብደቱ ካልቀነሰ ወደ መጨረሻው ጠረባ መግባት ይቻላል። ጅማ በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚወርድባት ከተማ ናት፤ በክረምት እንጨት አይደርቅም ማለት ይቻላል። ጥር ላይ የሚሰጥ ስጦታ ጥቅምት መግቢያ ላይ ይታዘዝ። ሰኔ ላይ ሽልማት ያቀደ መሥሪያ ቤትም እስከ የካቲት ድረስ ለጠራቢው ቀብድ መስጠት አለበት።

እንጨቱ ዋንዛ ቢሆን ይመረጣል። ለመጥረብ ይመቻል፣ አይከብድም፣ ውስጠኛው ቡናማ ክፍል ምስጥን በመጠኑ ይቋቋማል። ከቅርፊቱ ሥር ያለው ነጣ ያለው ክፍል ግን ለነቀዝ የተጋለጠ ስለሆነ መጠረብ አለበት፤ በጠርዙ ላይ ነጭ ቀለበት የሚታይበትን በርጩማ አለመቀበል ነው። ዋንዛ ከኮሶ፣ ከዝግባና ከሐበሻ ጥድ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ በሕግ ሲጠበቅ የኖረ ዛፍ ነው። ጅማ ዙሪያ ግን በቡና ማሳ ውስጥ ለጥላ የሚተከል በመሆኑ ከገበሬ ጓሮ በሕጋዊ መንገድ ይገኛል። የእንጨቱን ምንጭ መጠየቅና ደረሰኝ መቀበል የአዛዡ ግዴታ ይሁን፤ ሠራተኛን ለማመስገን ደን መመንጠር አይገባም።

መጠኑን በተመለከተ ገበያው ላይ የተደረደረው ብዙ ጊዜ ዝቅተኛ ነው። ሠላሳ ዓመት ያገለገለ ሰው ስልሳ ዓመቱ እየደረሰ ነው፤ ዝቅ ያለ መቀመጫ ላይ ቁጭ ብድግ ማለት ለጉልበቱ ይከብደዋል። ከ42 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ከፍታና 35 ሳንቲ ሜትር ገደማ የመቀመጫ ስፋት ተብሎ ይታዘዝ። እግሮቹ ሦስት መሆናቸው ራሱን የቻለ ጥበብ ነው፤ ሦስት ነጥብ በማንኛውም ወለል ላይ ሁልጊዜ ይቀመጣል፣ አባጣ ጎርባጣ በሆነ ወለል ላይም አይወላገድም። አደጋው እግሮቹ ለማማር ሲባል ከልክ በላይ ወደ ውጭ ሲዘረጉ ነው። ያኔ የእንጨቱ ጭረት (የቃጫው አቅጣጫ) እግሩን ተከትሎ መውረዱ ይቀርና አግድም ይቆርጠዋል፣ እግሩም ከሥሩ ይገነጠላል። ዕቃውን ሲረከቡ ከባድ ሰው አስቀምጦ መሞከር አያሳፍርም።

ጽሑፉ ብዙ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ስም በመቀመጫው መሃል አይቀረጽም፤ ሰው በስሙ ላይ መቀመጥ ደስ አይለውም፣ ፊደሉም ይፋቃል። ቦታው የመቀመጫው ዙሪያ ጠርዝ ነው። የግዕዝ ፊደል ውስጡ ጠባብ ስለሆነ ከሁለት ሳንቲ ሜትር ያነሰ ከፍታ ከተሰጠው ጠ እና ጨ ቀለም ሲሞላባቸው አይለዩም። ጥልቀቱ ሦስት ሚሊ ሜትር ይበቃል። ስሙ ከደመወዝ ዝርዝር ላይ አይገለበጥ፤ እዚያ ዓለም «አለም»፣ ፀሐይ «ጸሃይ» ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የስሙ ባለቤት ራሱ በእጁ የጻፈውን መውሰድ ነው። ጅማ ላይ ብዙ ሰው ስሙን በቁቤ ይጽፋል፤ በየትኛው ፊደል እንዲቀረጽለት እንደሚፈልግ አስቀድሞ ይጠየቅ። ዘመኑም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሁን በአውሮፓ ተለይቶ ይወሰን። የዓመቱን ቁጥር በግዕዝ አኃዝ ፳፭ ወይም ፴ ብሎ ማስቀረጽ ያምራል፤ ቦታም አይፈጅም።

መጨረሻው ላይ ወፍራም ቫርኒሽ የተቀባ በርጩማ ሱቅ ውስጥ ያብረቀርቃል፤ ቤት ሲገባ ግን እንጨቱ ሲሰፋና ሲጠብ ቫርኒሹ ይላላጣል። በብርጭቆ ወረቀት ከሻካራው ወደ ለስላሳው ተፈግፍጎ፣ በተልባ ዘይት ሦስት ጊዜ ቢቀባ ይሻላል። በየመካከሉ ሁለት ሦስት ቀን ይቆይ፤ ያልሰረገው ትርፍ ዘይት ከሃያ ደቂቃ በኋላ ይጠረግ፣ አለበለዚያ ያጣብቃል። ዘይቱን የጠረጉበት ጨርቅ ተጠቅልሎ አይጣል። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ስለሚሞቅ የተጨመደደ ጨርቅ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል፤ ዘርግቶ ማድረቅ ወይም ውኃ ውስጥ መንከር ነው።

የምስክር ወረቀት ብቻውን አይበቃም፤ ከበርጩማው ጋር ግን ቢኖር ጥሩ ነው። ችግሩ አሠራሩ ላይ ነው። ከ250 እስከ 300 ግራም ውፍረት ባለው ወረቀት፣ በሌዘር ማተሚያ ይታተም፤ በቀለም በሚረጭ ማተሚያ የወጣው እርጥበት ሲነካው ይፈስሳል፣ ብርሃን ላይም ይደበዝዛል። ፕላስቲክ ላሚኔት የተደረገ ወረቀት ላይ ከዚያ በኋላ ፊርማም ማኅተምም አይጨመርበትም፤ ስለዚህ ከላሚኔት ይልቅ መስታወት ያለው ፍሬም ይመረጥ። ወረቀቱ መስታወቱን እንዳይነካ በዙሪያው የካርቶን ክፈፍ ይግባበት፤ ከነካው በጅማ እርጥበት ይጣበቅና ሻጋታ ያወጣል።

የመስታወት ዋንጫውን አንመክርም። አብዛኛው ላይ ያለው ጽሑፍ የተለጠፈ ስቲከር ነው፤ ጠርዙ ይነሣል። ከኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ቃጫ) የተሠራው የግድግዳ ሰሌዳ ደግሞ እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል።

ጋቢ ክብር ያለው ስጦታ ነው፤ በተለይ ለጡረታ። አራት ድርብ የሆነ፣ በእጅ ከተፈተለ ጥጥ የተሠራ ከሆነ ለዓመታት ይለበሳል። ሲገዙ ብርሃን ላይ ዘርግቶ ድርቡን መቁጠርና ክሩ የፋብሪካ መሆን አለመሆኑን ማየት ያስፈልጋል። ወርቅ ለሠላሳ ዓመት የሚሆን ነው፤ 750 የሚል ማኅተም ያለው 18 ካራት፣ 875 የሚለው 21 ካራት መሆኑን አውቆ፣ ግራሙ በደረሰኝ ላይ ተጽፎ መቀበል ነው። የጣቱን ልክ አስቀድሞ መጠየቅ ግን ምስጢሩን ስለሚያወጣ፣ ብዙ ጊዜ ከቀለበት ይልቅ የአንገት ሐብል ይቀላል።

ገንዘብ ሁልጊዜ ይጠቅማል። ሆኖም የሥራ ግብር ይቆረጥበታል፤ ከፍተኛው ምጣኔ 35 በመቶ ነው። መድረክ ላይ የተነገረውና እጅ የገባው ሲለያይ ሠራተኛው ቅር ይለዋል፤ ስለዚህ የሚነገረው ከግብር በኋላ የሚደርሰው ይሁን። ዕረፍትን በተመለከተ የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ 1156/2011 ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን፣ ከዚያ በኋላ ለየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ጭማሪ ይሰጣል። ሃያ ዓመት የሠራ ሰው በሕግ 25 ቀን ገደማ አለው ማለት ነው። ያንኑ 25 ቀን «የአገልግሎት ሽልማት» ብሎ መስጠት የሰውየውን መብት መልሶ ለራሱ መሸጥ ነው። ከዚያ በላይ አምስት ቀን ቢጨመርና ሠራተኛው የፈለገው ወር ላይ እንዲወስደው ቢፈቀድ ግን ከብዙ ዕቃ ይበልጣል።

ስጦታው ምንም ይሁን፣ አብሮት የሚነበበው ጽሑፍ ነው ሰው ልብ ውስጥ የሚቀረው። «በትጋትና በታማኝነት ላገለገሉት» የሚለው ለማንም ይሆናል፤ ስለዚህ ለማንም አይሆንም። አንድ ገጽ ያህል ይጻፍ፤ ጸሐፊው የቅርብ አለቃው ይሁን እንጂ ሦስት የሥራ ባልደረቦችን ጠይቆ ይጻፈው። መቼ እንደተቀጠረ፣ በየትኞቹ ክፍሎች እንደሠራ፣ ማንን እንዳሠለጠነ፣ የትኛው አሠራር በእርሱ ምክንያት እንደተቀየረ በስም ይጠቀስ። መጋዘን ጠባቂ ከሆነ በየትኛው ክረምት ጣሪያው ሲያፈስ ቡናውን እንዴት እንዳተረፈ፣ ነርስ ከሆነች ስንት አዳዲስ ባልደረቦች ከእርሷ እንደተማሩ። ከመነበቡ በፊት ለተሸላሚው ይታይ፤ የተሳሳተ ዓመት በሰው ፊት ሲነበብ ክብሩን ያጎድላል። ጽሑፉም በአማርኛ ብቻ ሳይሆን ቤተሰቡ በሚሰማው ቋንቋ ይነበብ፤ እናት ካልገባት ግማሹ ምስጋና ባክኗል።

ስለ ቀኑ ጥቂት። ዓርብ የጁምዓ ሰዓት ይጋጫል፤ ረቡዕና ዓርብ ለኦርቶዶክስ ምእመናን ጾም ነው፤ ረመዳንና ዐቢይ ጾምም አሉ። ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ይመቻል። የሙስሊምና የክርስቲያን ሥጋ ለየብቻ ማሰናዳት ወጪውን ስለሚያበዛ፣ ሽሮ፣ አትክልት፣ ዳቦና ቡና ሁሉንም በአንድ ማዕድ ያስቀምጣል። ቡና የሚያዘጋጁ ድርጅቶች ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባያደርጉት ይሻላል፤ የምርት ወቅት በመሆኑ ግማሹ ሠራተኛ አይገኝም።

ብዙ መሥሪያ ቤቶች የሚሳሳቱት ግን ስም ዝርዝሩ ላይ ነው። ቡና የሚለቅሙ ሴቶች በየምርት ዘመኑ ተመልሰው እየመጡ አሥራ አምስት ዓመት ሊሠሩ ይችላሉ፤ ውላቸው በየወቅቱ የሚቋረጥ በመሆኑ በቋሚ ሠራተኛ መዝገብ አይገኙም። ለሽልማት ዓላማ የምርት ዘመኑን ቆጥሮ፣ አሥራ አምስት ወቅት የሠራችውን ከአሥራ አምስት ዓመት ሠራተኛ ጋር እኩል ማየት ይገባል። በኤጀንሲ በኩል የሚመጡ ጥበቃዎችና የጽዳት ሠራተኞችም እንዲሁ፤ ኤጀንሲው ሦስት ጊዜ ተቀያይሮ እነርሱ እዚያው በር ላይ ናቸው። የእነዚህን ሰዎች ዘመን ለማረጋገጥ የድሮ የደመወዝ መፈረሚያ፣ የጥበቃ ተረኛ መዝገብና የሁለት ነባር ሠራተኞች ምስክርነት ይበቃል። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ በዐዋጅ 715/2003 የተጀመረ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ያለውን አገልግሎት ከጡረታ መዋጮ መዝገብ ላይ ፈልጎ ማጣት «አልሠራም» ማለት አይደለም። ዝርዝሩ ከበዓሉ ሁለት ወር በፊት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍና አቤቱታ ይቀበል፤ በርጩማው የሚታዘዘው ከዚያ በኋላ ከሆነ ግን ጊዜው ያልፋል። ስለዚህ የሚጠበቀው ሰው ቁጥር ላይ ሁለት ሦስት ጨምሮ ማዘዝ፣ ስም የሚቀረጸው ዝርዝሩ ሲጸድቅ ብቻ እንዲሆን ከጠራቢው ጋር መስማማት ነው። እንጨቱ እስከዚያ ጥላ ውስጥ ይደርቃል።