ለኬክ ማስጌጫ በእጅ ለሚቀረጽ ፍራፍሬ፦ የስኳር ሊጥ ወይስ ማርዚፓን?

የስኳር ሊጥ (ፎንዳንት) ነጭ ስለሆነ ቀለሙ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ለቀይ እንጆሪ ከዚህ የሚሻል የለም። ብቻውን ግን ለስላሳ ነው፤ አድቦልብለው ያስቀመጡት ብርቱካን ሲያድር ከሥሩ ጠፍጠፍ ይላል። መፍትሔው ለ250 ግራም ሊጥ 1 የሻይ ማንኪያ ሲኤምሲ (ሊጡን የሚያጠነክር ዱቄት) ጨምሮ አሽቶ፣ በፕላስቲክ ጠቅልሎ ጥቂት ሰዓት ማሳረፍ ነው። ቀለሙ ጄል ይሁን፤ ውሃማው ሊጡን ያላላዋል፣ እጅ ላይም ይጣበቃል። የማይሠሩበትን ሊጥ ይሸፍኑት፤ አለዚያ ላዩ ደርቆ ሲቀርጹት ይሰነጣጠቃል። ያለቀውንም ፍሪጅ ውስጥ አያስገቡት፤ ሲወጣ ያልበዋል።

ማርዚፓን ከተፈጨ አልመንድና ከስኳር የሚሠራ ነው። መልኩ ወደ ቢጫ ስለሚያደላ ሰማያዊ ቢጨምሩበት አረንጓዴ ይመታል፤ ለኮክና ለፒር ግን የተፈጥሮ መልካቸውን ይሰጣል። እንደ ስኳር ሊጡ ድርቅ አይልም፤ ጣዕሙም በጣም ይበልጣል። አደጋው ማሸቱን ማብዛት ነው፤ ዘይቱ ይወጣና ይፈረካከሳል። አልመንድ የማይስማማው ሰው ካለ ጭራሽ አይሞከርም።

የብርቱካን ልጣጭ ለማስመሰል ሁለቱንም በካሮት መፈቅፈቂያው ደቃቅ ጎን ላይ ቀስ አድርጎ ማንከባለል ይበቃል። በፍሬው አናት ላይ እንደ ዘንግ ቅርንፉድ ከሰኩ ከመበላቱ በፊት ይንቀሉት።