የኤሲ ቱቦ «እናጸዳለን» ከሚሉት ተጠንቀቁ!

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው።

«የኤሲ ቱቦ እናጸዳለን፣ ሽታ ከሥሩ እናጠፋለን» የሚሉትን ታውቋቸዋላችሁ። ቱቦ የሚሉት ቀዝቃዛውን አየር ወደየክፍሉ የሚያደርሰውን ትልቁን መተላለፊያ ነው። ዩኒፎርም ለብሰው፣ ትልቅ ማሽን እየጎተቱ የሚመጡት። ገና ከበር ሳያልፉ «ውይ! ይሄማ ሻጋታ ነው፣ ልጆች አሉ?» የሚሉት። አዎ፣ እነሱ። ሂሳቡም እንደተለመደው ቅድሚያ ነው።

የኛ ኤሲ ሲከፈት በደንብ ሳይደርቅ የታጠፈ ካልሲ ዓይነት ሽታ ይለቃል። መጀመሪያ ላይ ይብሳል፣ ቆይቶ ይቀንሳል። ይህን አንድ በአንድ አስረዳኋቸው። ማን ሰምቶኝ! አንዱ መሰላል ተከለ፣ ሌላው ማሽኑን ሰካ፣ ቤቱ በጩኸት ተናጠ። በመጨረሻ በየአየር መውጫው የሆነ ነገር ረጩበት። ቤቱ ሎሚ ሎሚ ሸተተ። «አለቀ» አሉ።

አሁን ነው ጉዱ። ዋናው ቴክኒሻን ስልኩን አወጣና «ነይ እዪ እህቴ፣ ምን ስትተነፍሺ እንደነበር» አለኝ። ፎቶው ላይ ጥቁር አቧራ የተንጠለጠለበት ቱቦ አለ። ዘገነነኝ። ጣቱን ሸርተት ሲያደርግ ያው ቱቦ ተወልውሎ ያብረቀርቃል። ቆርቆሮ ነው። ክብ ነው። ቀና ብዬ የኛን አየሁት። ሽፋኑ ገና ስላልተገጠመ ውስጡ ወለል ብሎ ይታያል። አራት ማዕዘን ነው፣ ውስጡም በፋይበር ግላስ፣ ማለትም ከመስታወት ክር በተሠራ ጥጥ መሰል ነገር የተለበጠ።

«ይሄ እኮ ክብ ነው፤ የኛ አራት ማዕዘን ነው» አልኩት።

ቅንጣት አልደነገጠም። «ካሜራው ነው እንዲህ የሚያሳየው» አለኝ።

ካሜራው! ረዳቱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት። እየሳቀ ነበር። መዋሸቱስ እሺ፣ ሥራቸው ነው። ያንገበገበኝ ለኔ ይበቃታል ብሎ የመረጠው ውሸት ይህ መሆኑ ነው። ትንሽ እንኳ አልለፋበትም። ደረሰኝ ስጠይቀው «በስልክ እንልክልሻለን» ብሎ መሰላሉን አጠፈ። ይኸው እስካሁን እየላከ ነው።

የሎሚው ሽታ ሲተን ያው ጠረን ከች አለ። ቢሯቸው ደወልኩ። ስልክ ያነሳችው ልጅ አላስጨረሰችኝም፣ ገና ግማሹን ስነግራት «አፍንጫሽ ላይ ቀርቶ ነው፣ ይለቅሻል» ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

ዕቃ መፈታታት የሚወድ የአጎቴ ልጅ አለ፣ እሱን ጠራሁት። ኤሲውን ከመክፈቱ በፊት ብሎኖቹን አሳየኝ። አቧራ እንደለበሱ ናቸው። የማንም መፍቻ አልነካቸውም። ሲከፍተው ከኮይሉ፣ ማለትም አየሩን ከሚያቀዘቅዘው ጠመዝማዛ ቧንቧ ሥር ያለው የውሃ መቀበያ ሳህን በዝልግልግ ውሃ ሞልቷል። ለካ ኤሲ አየሩን ሲያቀዘቅዝ እርጥበቱ ኮይሉ ላይ ጤዛ ሆኖ ሳህኑ ውስጥ ይንጠባጠባል። ከዚያ በቀጭን ቱቦ ወደ ውጭ መውጣት አለበት። ያቺ ቀጭን ቱቦ ተደፍናለች። ውሃው ሲተኛ ባክቴሪያና ሻጋታ ይራባል፣ ማራገቢያው ደግሞ ሽታውን ለቤቱ ሁሉ ያድላል። ሲያጮሁበት የዋሉት ትልቁ ቱቦ ምንም አልበደለም!

የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እንኳ ቱቦ ማስጸዳት የጤና ችግር እንደሚከላከል አልተረጋገጠም ነው የሚለው። ተባይና ጀርም መግደያ ኬሚካል ከመረጨቱ በፊትም ቱቦው በፋይበር ግላስ የተለበጠ መሆን አለመሆኑ ይታይ ይላል። እኔን ማን ጠየቀኝ? ምን እንደረጩም አልነገሩኝም።

ምክር ከፈለጋችሁ፣ ሳትከፍሉ በፊት የኤሲውን ሽፋን አስከፍታችሁ ፊልተሩን፣ ኮይሉንና ሳህኑን በዓይናችሁ እዩ። ፎቶ በራሳችሁ ስልክ አንሱ። ሽታው የተቃጠለ ሽቦ ከሆነ ግን ኤሲውን ወዲያው አጥፉና የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጥሩ። «ኦዞን የሚያመነጭ ማሽን እናስገባ» ካሏችሁ ደግሞ ከበር መልሷቸው። ኦዞን ሽታ ያጠፋል እየተባለ የሚለቀቅ ጋዝ ነው፤ ሳንባ ይጎዳል።